ብርቅዬ የ1970ዎቹ ማስል ካር፦ ኦሪጅናሉ ከኮፒው እንዴት ይለያል?

እንበልና አንድ የአሜሪካ ጨረታ ቦታ ላይ ሁለት ቀያይ ሼቭሮሌት ሸቬል ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም የ1970 ምርት ናቸው። ኮፈናቸው ላይ ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች አሉ። ፓራፋንጎአቸው ላይ ኤስኤስ 454 (ሱፐር ስፖርት፣ ከነሞተሩ መጠን) የሚል ምልክት ተለጥፏል። ሞተራቸው ሲነሣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። አንዱ በ60 ሺህ ዶላር ግድም ይሸጣል። ሌላው ከ150 ሺህ ይዘላል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም። ከቅርብ የሚያይም የት ማየት እንዳለበት ካላወቀ አያገኘውም።

ልዩነቱ ማስረጃው ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው “ይህ መኪና ከፋብሪካ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው” ብሎ ማሳየት መቻል ነው። ይህ ያልገባው ገዢ ገንዘቡን ያጣል። የገባው ደግሞ በጣም ደስ የሚል ዓለም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ መኪኖች ከየት መጡ?

የማስል ካር ሐሳብ ቀላል ነው። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ዋጋው ለወጣት ሠራተኛ የሚቀመስ ባለ ሁለት በር መኪና ይወሰዳል። ከዚያ ለትልልቅ መኪና የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይገጠምለታል። የዘመኑ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። እናት ኩባንያው ጄነራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖች ላይ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠም ገደብ ነበረው። ጆን ዴሎሪያን የነበረበት የፖንቲያክ ቡድን ሞተሩን “ተጨማሪ ምርጫ” ብሎ በጓሮ በር አስገባው። ሕዝቡ ወደደው። ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉ።

ጫፉ የደረሰው በ1970 ነው። ጄነራል ሞተርስ ገደቡን ጨርሶ አነሣ። በዚያው ዓመት ሼቭሮሌት ሸቬሉ ላይ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ገጠመ። ቢውክ፣ ኦልድስሞቢልና ፖንቲያክ 455 ይዘው መጡ። 455 ኪዩቢክ ኢንች ወደ 7.5 ሊትር ማለት ነው። ሁላችንም የምናውቃት ቪትዝ ሞተሯ 1 ወይም 1.3 ሊትር ነው። ከሸቬሎቹ ኃይለኛው ኤልኤስ6 የሚባለው ሲሆን ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር 450 የፈረስ ጉልበት ነበር። በክራይስለር በኩል ደግሞ ሄሚ የሚባለው የ426 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አለ። እሱም በወረቀት 425 የፈረስ ጉልበት ነው።

ከዚያ ነገሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደቀ። መጀመሪያ የመጣው ኢንሹራንስ ነው። ወጣቶች በእነዚህ መኪኖች ሲጋጩና ሲሞቱ ኩባንያዎቹ ክፍያውን ሰቀሉት። በ1970 መጨረሻ የንጹሕ አየር ሕጉ ወጣ። በ1971 ጄነራል ሞተርስ ሞተሮቹ ሊድ በሌለው ወይም በቀነሰ ቤንዚን እንዲሠሩ ብሎ የመጭመቅ ኃይላቸውን ቀነሰ። ጥቅምት 1973 ላይ የዓረብ አገራት የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ። ሰው ቤንዚን ለመቅዳት ሲሰለፍ ሰባት ሊትር ሞተር ማን ይገዛል? የክራይስለሮቹ ፕሊማውዝ ባራኩዳና ዶጅ ቻሌንጀር በ1974 ቆሙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የ1971 እና የ1972 መኪኖችን ቁጥር ስታነጻጽሩ ጉልበቱ በአንድ ሌሊት ያለቀ ይመስላል። የኮርቬቱ 454 ሞተር በ1971 365 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1972 270 ሆነ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የአለካክ ለውጥ ነው። ቀድሞ ሞተሩ የሚለካው ብቻውን፣ ያለ ማርሚታና ያለ አየር ማጣሪያ ነበር። ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንደሚሆነው ሁሉ ነገር ተገጥሞለት ይለካ ጀመር። ስለዚህ ሻጭ “የ72ቱ ደካማ ነው” ወይም “የ70ው በእጥፍ ይበልጣል” ሲላችሁ የትኛውን አለካክ እንደሚያወራ ጠይቁት።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ፖንቲያክ በ1973 እና በ1974 ያወጣው ሱፐር ዱቲ 455 ነው። ሁሉም ሞተሩን ሲያዳክም ጥቂት መሐንዲሶች የእሽቅድምድም ጥንካሬ ያለው ብሎክ ሠርተው፣ የጭስ ሕጉን አሟልተው ገበያ አወጡት። በአዲሱ አለካክ 290 የፈረስ ጉልበት ነው። በ1973 ይህ ሞተር የተገጠመላቸው ትራንስ አም የሚባሉት የፖንቲያክ መኪኖች 252 ብቻ ናቸው።

ብርቅ ያደረጋቸው ምንድን ነው?

ሁለት ምክንያት አለ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ መጀመሪያውኑ የገዛቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። የ1970 ፕሊማውዝ ኩዳ (ፈጣኑ ባራኩዳ) ጣሪያው የሚከፈተው ዓይነት መነሻ ዋጋው 3,400 ዶላር አካባቢ ነበር። ሄሚ ሞተር ለማስገጠም ሌላ 871 ዶላር ይጨመራል። የመኪናውን ሩብ ዋጋ ለሞተር ብቻ መክፈል ነው። በዚያ ላይ ኢንሹራንሱ አለ። ጣሪያው የሚከፈት መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መንሸራሸር እንጂ መሽቀዳደም አይፈልግም። ስለዚህ በ1970 ሄሚ የተገጠመላቸው ክፍት ኩዳዎች 14 ብቻ ተሠሩ። በ1971 ደግሞ 11። ከእነዚህ 11 አንዱ ሰኔ 2014 ሲያትል ላይ በሜከም ጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በጊዜው ግን ሻጮች ደንበኛ ያጡለት መኪና ነበር።

ሁለተኛው፣ ከተሠሩት ውስጥ የተረፉት ጥቂት መሆናቸው ነው። ከነዳጁ ማዕቀብ በኋላ እነዚህ መኪኖች አሮጌ፣ ነዳጅ የሚጠጡ፣ ማንም የማይፈልጋቸው ዕቃዎች ሆኑ። ልጆች በርካሽ ገዙዋቸው። ሌሊት ሌሊት ተሽቀዳደሙባቸው። ሞተሩ ሲፈነዳ ያገኙትን ገጠሙ። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል ክረምት ላይ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራውን ከሥር በላው። ዛሬ “ከነሞተሩ የተወለደ” መኪና የሚፈለገው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ልባቸው ከተቀየረ ቆይቷል።

ስለ ፕሊማውዝ ሱፐርበርድም ላንሣ። አፍንጫው ሹል፣ የኋላ ክንፉ ከፖርታ ባጋሉ በላይ ከፍ ብሎ የቆመ የ1970 መኪና ነው። የተሠራው ናስካር ለሚባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ነው። በዚያን ጊዜ ደንቡ ኩባንያው ለሕዝብም በቂ ቁጥር ካልሸጠ አያሽቀዳድምም ነበር። ስለዚህ ከ1,900 በላይ ተሠርቶ ለነጋዴዎች ተበተነ። ተራው ገዢ ግን መልኩን አልወደደውም። አንዳንድ ነጋዴዎች ክንፉንና አፍንጫውን ነቅለው ወደ መነሻው መኪና፣ ወደ ተራ ሮድ ራነር ለውጠው ሸጡት። ዛሬ ያ የተነቀለ አፍንጫ ብቻውን ይፈለጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። “በዓለም ላይ አንድ ብቻ” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አትደንግጡ። እነዚህ መኪኖች የሚታዘዙት ከረጅም የምርጫ ዝርዝር ላይ ነበር። ቀለሙን፣ የወንበሩን ዓይነት፣ ሬዲዮውን፣ የጣሪያውን ልባስ፣ የኋላ ዲፈረንሻሉን ጥርስ ደርድራችሁ ብትቆጥሩ ማንኛውም መኪና በመጨረሻ ብቸኛ ይሆናል። ዋጋ የሚያወጣው ሰው የሚፈልገው ብርቅነት ነው። ሞተር፣ ካምቢዮና ክፍት ጣሪያ ዋጋ ይጨምራሉ። አረንጓዴ ወንበር ከሬዲዮ ጋር አይጨምርም።

የሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር እንዳለ ያውቃል። ከመኪናው ጋር ያመሳስላል፣ ካልገጠመ አይገዛም። አሜሪካ ላይ ግን የባለቤትነት ወረቀቱ የሚይዘው የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም ቪኑን ብቻ ነው። ሞተር ቢቀየር ወረቀቱ ላይ ምንም አይለወጥም። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሞተሩ የመኪናው መሆኑን ማረጋገጥ የገዢው የራሱ ሥራ ሆነ።

ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 አኃዝ ቪን የመጣው በ1981 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ አጻጻፍ ነበረው። እዚህ ላይ ኩባንያዎቹ በጣም ይለያያሉ።

ክራይስለር ለገዢ ደግ ነው። ቪኑ ሞተሩን ይናገራል። የአንድ ሄሚ ኩዳ ቁጥር ቢኤስ23አር0ቢ ብሎ ይጀምራል እንበል። ቢ ባራኩዳ ነው። ኤስ የዋጋ ደረጃው ነው። 23 ባለ ሁለት በር ጠንካራ ጣሪያ ነው፤ ክፍት ቢሆን 27 ይሆን ነበር። አምስተኛው ቦታ ላይ ያለው አር ደግሞ 426 ሄሚ ነው። 0 ማለት 1970፣ የመጨረሻው ቢ ደግሞ ሚሺጋን ያለው የሃምትራምክ ፋብሪካ ነው። ከዚያ ስድስት አኃዝ ተራ ቁጥር ይከተላል። አምስተኛው ቦታ ላይ አር ከሌለ፣ ኮፈኑ ሥር የፈለገው ሄሚ ቢቀመጥ፣ ያ መኪና በሄሚነት አልተወለደም። ያቺ አንዲት ፊደል የመቶ ሺዎች ዶላር ልዩነት ታመጣለች።

ፎርድም እንዲሁ የሞተር ፊደል ያስገባል። ለምሳሌ ቦስ 429 ማስታንግ ዜድ አለው። ሞተሩ በጣም ሰፊ ስለነበር የማስታንጉ የሞተር ክፍል አልበቃውም። ስለዚህ መኪኖቹ ሚሺጋን ብራይተን ወደሚገኘው ካር ክራፍት ወደሚባል ድርጅት እየሄዱ የሞተር ክፍላቸው ተሰፍቶ ነበር የሚገጠምላቸው። በ1970 የተሠሩት 499 ናቸው። ለፎርድ ገዢ ሌላም ዕድል አለ። ኬቪን ማርቲ የተባለ ባለሙያ ከ1967 ወዲህ ያለውን የፎርድ የምርት መዝገብ ይዟል። ቪኑን ሰጥታችሁ ከከፈላችሁ መኪናው መቼ እንደተሠራና ምን ምን እንደነበረው የሚናገር ሪፖርት ይሰጣችኋል። ፖንቲያክም ፒኤችኤስ የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። የፋብሪካውን ደረሰኝ ኮፒ ያወጣላችኋል። ለምሳሌ በ1971 ጣሪያው የሚከፈተው ጂቲኦ ጀጅ 17 ብቻ ነው የተሠራው። አንድ ሰው “አንዱ የእኔ ነው” ካለ ክርክር አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ይጠየቃል።

ሼቭሮሌት ግን ከባድ ነው። የ1970 ሸቬል ቪን 136370 ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የፋብሪካው ፊደል አለ፤ ቢ ከሆነ ባልቲሞር ነው። ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ ባለ ስምንት ሲሊንደር ባለ ሁለት በር ማሊቡ፣ ማለትም ከሸቬል ዓይነቶች አንዱ መሆኑን ብቻ ነው። ኤስኤስ ይሁን አይሁን፣ 307 ሞተር ይሁን 454፣ ዝም ይላል። ሼቭሮሌት አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡት መኪኖች እንደ ፖንቲያክ ዓይነት መዝገብም አላስቀረም። ካናዳ የተሸጡት ብቻ ናቸው መዝገብ ያላቸው። ኮፒ ሸቬል የበዛው ለዚህ ነው። ተራ ማሊቡ ይገዛል። ከጭነት መኪና የወጣ 454 ይገጠማል። ምልክቱ፣ ኮፈኑ፣ ክሩስኮቱ ሁሉ አዲስ ተሠርቶ በካታሎግ ይሸጣል። በጥቂት ወር ውስጥ ኤስኤስ ሆኖ ይወጣል።

ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቦታ

ታዲያ ሸቬል በምን ይረጋገጣል? ኮፈኑን ክፈቱ። በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት፣ ብሎኩ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር የምትሆን ጠፍጣፋ ገጽ አለች። ቅባቱን በጨርቅ አጽዱት። የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ከፊት ካበራችሁበት ምንም አታዩም።

እዚያ ላይ ሁለት ነገር ተመትቷል። አንዱ የሞተሩ ልደት ነው፤ ለምሳሌ ቲ0212ሲአርቪ። ቲ ማለት ኒው ዮርክ ግዛት ያለው የቶናዋንዳ የሞተር ፋብሪካ ነው። 0212 ፌብሩዋሪ 12 ነው። ሲአርቪ ማለት ኤልኤስ6፣ ባለ አራት ማርሽ ማንዋል። አውቶማቲክ ቢሆን ሲአርአር ይል ነበር። ሁለተኛው የመኪናው ቪን ቅንጫቢ ነው፦ የኩባንያው ቁጥር፣ ዓመቱ፣ የፋብሪካው ፊደልና ስድስቱ አኃዝ። ያ ቅንጫቢ ክሩስኮቱ ላይ ካለው ቪን ጋር ከገጠመ ሞተሩና መኪናው አብረው ተወልደዋል።

ይህን አጭበርባሪውም ያውቃል። ሌላ ብሎክ ወስዶ፣ ቁጥሩን ፍቆ፣ የሚፈልገውን ይመታበታል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የሚታየው ገጹ ነው። ፋብሪካው ብሎኩን ያስተካከለው በትልቅ መላጊያ ማሽን ነው። ማሽኑ ሲያልፍ ፀጉር የሚያካክሉ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሮጡ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይተዋል። ቁጥሩ የሚመታው በጭረቶቹ ላይ ነው። ገጹ እንደ መስታወት ለስልሶ ካገኛችሁት፣ ወይም ጭረቶቹ ክብ ክብ ከሠሩ፣ አንድ ሰው እዚያ ላይ ሠርቷል። በርግጥ ሞተሩ ሲታደስ ብሎኩ በሕጋዊ መንገድም ሊላግ ይችላል። ያኔ ቁጥሩም ይጠፋል። ቁጥሩ ጥርት ብሎ እያለ ጭረቱ ከጠፋ ግን ያ መጥፎ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ቀኖቹ ይደረደራሉ። ብሎኩ ሲቀልጥ ከብረቱ ጋር አብሮ የወጣ ቀን አለው። ሞተሩ የተገጣጠመበት ቀን አለው። ቦዲው ደግሞ ከንፋስ መከላከያው ሥር፣ የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ትንሽ ቆርቆሮ አለችው። 02ቢ ካለች የፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ ብሎኩ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ መኪናው ይሠራል። ሞተሩ ኤፕሪል ላይ ተገጣጥሞ ቦዲው ፌብሩዋሪ ላይ ከተሠራ ታሪኩ አይገጥምም። ካርቡሬተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲናሞው እንኳ ቀን አላቸው። ጎበዝ መርማሪ እነዚህን ሁሉ ሲሰበስብ ማየት በጣም ያስደስተኛል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የአንድ ፋብሪካ ሳምንት እንደገና ሲገጣጠም ነው የምታዩት።

የወረቀት ማስረጃም አለ። ፋብሪካው ውስጥ ለሠራተኞቹ “ይህን ግጠሙ” የሚል የሥራ ማዘዣ ወረቀት ነበር። ሠራተኞቹ ወረቀቱን ሲጨርሱ መኪናው ውስጥ ይተዉት ነበር። ሸቬል ላይ ብዙውን ጊዜ ከነዳጅ ታንኩ አናት ላይ፣ ክራይስለሮች ላይ ደግሞ በኋላ ወንበር ስፕሪንግ ውስጥ ይገኛል። አይጥ የበላው፣ ዘይት የጠጣ ወረቀት ቢሆንም ወርቅ ነው። ሼቭሮሌት እስከ 1972 ለገዢው የሚሰጠው የዋስትና የብረት ካርድም ነበር፤ ላዩ ላይ የሞተሩ ኮድ ተቀርጿል። ክራይስለሮቹ ፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል ላይ የተበየደ ሳይሆን በብሎን የታሰረ የኮድ ቆርቆሮ አላቸው። ኢ74 ካለ ሄሚ ነው። እነዚህም ሁሉ ፎርጅድ ይሠራላቸዋል። አዲስ ወረቀትን ሻይ ውስጥ ነክሮ ማስረጀት ይቻላል። አንድ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። የተለያዩት ማስረጃዎች እርስ በርስ መመሳከር አለባቸው።

ቪን ሲነካ ነገሩ ወንጀል ይሆናል

ኮፒ መኪና መሥራት ነውር አይደለም። “ይህ ማሊቡ ነበር፣ እኔ ኤስኤስ አድርጌዋለሁ” ብሎ የሚሸጥ ሰው ሐቀኛ ነው። እንዲያውም መንዳት ለሚወድ ሰው ይሻላል፤ ዝናብ መጣ አልመጣ ብሎ አይሳቀቅም። ውሸቱ የሚጀምረው ያልሆነውን ሆነ ሲባል ነው።

ከሁሉም የከፋው የቪን ቆርቆሮውን ከአንድ የበሰበሰ መኪና ነቅሎ ሌላ ቦዲ ላይ መምታት ነው። ዛሬ ለአንዳንድ ሞዴሎች ሙሉ ቦዲ አዲስ ተሠርቶ ስለሚሸጥ ፈተናው ትልቅ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለማታለል ብሎ ቪንን መንቀል ወይም መቀየር ወንጀል ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቆርቆሮ የምትያዘው አበባ በሚመስሉ ልዩ ሪቬቶች ነው። ሪቬቱ ተራ ክብ ከሆነ ቁሙ። በተጨማሪ ኩባንያዎቹ የቪኑን ቅንጫቢ ሌላ ቦታም መትተዋል። የ1970 ኩዳ ላይ ለምሳሌ ራዲያተሩን የሚይዘው ላሜራ ላይ አለ። ሁለቱ ካልገጠሙ መኪናው ከሁለት መኪና ተሠርቷል።

ሳያውቁ የሚገቡበትም አለ። ካንሳስ ውስጥ አንድ ሰው የ1959 ኮርቬት ገዝቶ ሊያስመዘግብ ሲሄድ፣ ቀድሞ ሲታደስ የቪን ቆርቆሮው ተነቅሎ መመለሱ ታወቀ። በ2017 ፖሊስ መኪናውን ያዘበት። ሰውየው ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም። ሆኖም የግዛቱ ሕግ መኪናው እንዲወድም ያዝ ስለነበር ለዓመታት ተሟገተ። በ2022 ካንሳስ ሕጉን አሻሽሎ ለዕድሳት ሲባል መነቀልን ፈቀደ። መኪናችሁን የምታሳድሱ ከሆነ ቀለም ቀቢው ያችን ቆርቆሮ እንዳይነካት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ዝገት፣ ቀለምና ዕድሳት

ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ላሜራ፣ የበሮቹን ታች፣ የፖርታ ባጋሉን ወለል ዳስሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥር ስቱኮ አለ። ጣሪያው በቪኒል የተለበሰ ከሆነ በተለይ ጠርጥሩ። ውሃ ልባሱ ሥር ይቆያል፣ ብረቱን ቀስ ብሎ ይበላዋል።

ሙሉ ዕድሳት፣ መኪናው እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈትቶ፣ ጥሩ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ በቀላሉ ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ በላይ ይሆናል። ስለዚህ የሰው ዕድሳት መግዛት ራስ ከማሳደስ ይረክሳል።

እኔ ግን ያልታደሰውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ቀለም ደብዝዞ፣ ወንበሩ ትንሽ ተሰንጥቆ፣ የሠራተኛው የጠመኔ ምልክት የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዳለ የቀረ መኪና። ያንን ዓይነት መኪና አግኝቶ አዲስ ቀለም የሚቀባ ሰው ሳይ አዝናለሁ። ቀለም ሁልጊዜ ይቀባል። የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ገበያውም ይህን ተረድቶ ያልተነካ መኪና ላይ ዋጋ ጨምሯል።

ገንዘቡ

ዋጋው ሁልጊዜ ይወጣል የሚላችሁን አትመኑ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ገበያው ጦፎ ነበር። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ብዙዎቹ በከፍተኛ ደረጃ ወረዱ። ተበድረው የገዙ ሰዎች ተጎዱ። ሌላም የሚታሰብ አለ። በ1970 ወጣት ሆነው እነዚህን መኪኖች የተመኙ ሰዎች ዛሬ ሰባዎቹን አልፈዋል። ስብስባቸው ወደ ልጆቻቸው እየተላለፈ ወይም እየተሸጠ ነው። እጅግ ብርቅ የሆኑት ፈላጊ አያጡም። መካከለኞቹ ግን እንዲህ ሰፊ ገዢ ይኖራቸው እንደሆነ ማንም ዋስ አይሆንም። የምትወዱትን ግዙ የምለው ለዚህ ነው።

ኢንሹራንስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተራ ኢንሹራንስ መኪናችሁ ቢጠፋ የሚከፍለው “የገበያ ዋጋ” ነው፤ ኩባንያው አሮጌ መኪና ብሎ ሊገምተው ይችላል። ሃገርቲን የመሰሉ ለጥንት መኪና የተቋቋሙ ድርጅቶች ግን ዋጋውን አስቀድመው ከእናንተ ጋር ይስማሙና ያንኑ ይከፍላሉ። ክፍያውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ መኪናው በየቀኑ ስለማይነዳ ነው። ሃገርቲ ከአንድ እስከ አራት ያለው የሁኔታ ደረጃም ገበያው ውስጥ የተለመደ መግባቢያ ሆኗል። አንድ ማለት ለውበት ውድድር የሚቀርብ፣ አራት ማለት የሚነዳ ግን እንከኑ የሚታይ።

ነዳጁም የራሱ ጣጣ አለው። ኤልኤስ6ን የመሰለ ከፍተኛ መጭመቂያ ያለው ሞተር ከማደያ ከሚገኘው ምርጡን ቤንዚን ይፈልጋል። የዛሬው ቤንዚን ውስጥ ያለው ኤታኖል ደግሞ የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል። ቱቦዎቹን በአዲስ ዓይነት ቀይሩ። ክረምቱን መኪናው ሲቆም ታንኩን ሙሉ፣ ባትሪውን ቻርጀር ላይ አድርጉ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ 25 ዓመት የሞላው መኪና የጥንት መኪና ሰሌዳ ማውጣት ይችላል። በዚያ ሰሌዳ በየቀኑ ሥራ አይኬድበትም፤ ለትርዒትና አልፎ አልፎ ለሽርሽር ነው። ወደ አገር ቤት ልወስደው ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖችን ማስገባት ከልክላለች።

ለጀማሪ ሄሚ አልመክርም። የመጀመሪያ መኪናችሁ ከሆነ 1970 ፕሊማውዝ ደስተር 340 ፈልጉ። ቀላል ነው፣ 275 የፈረስ ጉልበት አለው፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ዋጋውም ከኩዳ በእጅጉ ያነሰ ነው። ኮፒ ነው አይደለም ብሎ ሌሊት መጨነቅም የለም። ክሩስኮቱ ላይ ቪኤስ29ኤች የሚል ቁጥር ካያችሁ አምስተኛው ኤች 340 ማለት ነው። ከዚያ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ክራይስለሮችን የሚያውቅ መርማሪ ቀጥራችሁ መኪናውን ሊፍት ላይ አውጡት። ራዲያተሩ ማቀፊያ ላይ ያለውን ቅንጫቢ ቁጥር፣ የሞተሩን ገጽና የወለሉን ላሜራ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ ደስተር ፈልጉ።